መንገደኞቹ ከዋሻው ሲወጡ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ሲነሳብሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ተሻላት? ጋሼ ከመንገድ በሰላም ተመለሱ? ልጆቹስ መነታረካቸውን ትተው ሰው ሆኑ ወይስ ያው ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዱቄቱም እሳቱም እንደለመደኝ አለሁ፤ የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ጥያቄውን እንዲህ የደረደርኩት ደህንነታችሁን ለማወቅ ነው፤ ወደ ዋናው ነገር መግባት ስለፈራሁም ነው። አንቺ መቼም ታውቂኛለሽ።

እታለም፣ ስለ አንድ ጨዋታ ልንገርሽ። ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ ምን ይጫወታል እንዳትይ፤ ብትይም እውነትሽን ነው። እሑድ እሑድ ምድጃው ከበረደ በኋላ አራት ሆነን በዳቦ ቤቱ ዱቄት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን፤ ጋጋሪው፣ ዳቦ የሚያከፋፍለው ሹፌር፣ ገንዘብ ተቀባይዋና እኔ። እነሱ መንገደኞች ይሆናሉ፣ እኔ እተርካለሁ። ከመሬት በታች ያለ ዋሻ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ በር ይከፍታሉ፣ አውሬ ይገጥማቸዋል፣ ጎኖቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ወርውረው ማን እንዳሸነፈ እናያለን። አውሬውንም ሌባውንም ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ። ወሬ እንደማይቸግረኝ ታውቂያለሽ፣ ተዋጣልኝ።

ዓመት ሙሉ ከዋሻው አልወጣንም። በኋላ ጋጋሪው ሰለቸውና፣ እኔ በእውኑም ከምድጃ አፍ አልራቅሁ፣ በጨዋታው እንኳ ፀሐይ ልሙቅ እንጂ፣ ከዚህ ጉድጓድ ውጪ አገር የለም ወይ ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔ ደግሞ ከዋሻው በላይ ምንም አላሰናዳሁም። አገር ከየት ላምጣ? የማውቀው አንድ ሰፈር ብቻ ነው። መንገዳችንን አመጣሁ፣ ወፍጮ ቤቱን አመጣሁ፣ የኛን አጥር አቆምኩ። በአጥሩ በር ላይ ደግሞ አንቺን አቆምኩሽ።

ያንን የበቅሎውን ነገር ታስታውሺ የለ? ያ መንገደኛ ለጭነት በቅሎ እንድታከራዪው ሲጠይቅሽ በቆሎ መስሎሽ፣ በቆሎማ ሞልቷል ብለሽ እሸት ታቅፈሽ የመጣሽ ጊዜ። ሰውዬው ክው ብሎ ቀረ፤ እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ አንቺም እሸቱን እንደታቀፍሽ አብረሽን ሳቅሽ። እኔ እሱን አመጣሁላቸው። መንገደኞቹ ሀብት ተሸክመው ከዋሻው ወጡ፣ በቅሎ ለመኑ፣ እኔም ድምፅሽን አስመስዬ፣ ደህናውን ጆሮሽን እንደምትሰጪው አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ በቆሎማ ሞልቷል አልኩ። ሹፌሩ ከጆንያው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደ ዋሻው መመለስ አልፈለገም። በየሳምንቱ ወደ በቆሎዋ ሴትዮ እንሂድ ሆነ ነገሩ። እኔም በየሳምንቱ የምትሳሳቺውን አዲስ ቃል ስፈጥር እከርም ነበር። የቤታችንን ሳቅ ወስጄ ለባዳ አደልኩት።

የደወልሽ ቀን እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነበር። ጋጋሪው ስልኬን አንስቶ ድምፁን ከፈተውና፣ እያቦካ ነው አለሽ። አንቺ እያነባ ነው ያለሽ መስሎሽ ደነገጥሽ፤ ምን ሆኖ ነው የሚያነባው፣ ማን ሞተበት ብለሽ ጮህሽ። ሹፌሩ ትሪውን እንደያዘ፣ የበቆሎዋ ሴትዮ መጣች አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እህቴ ለኔ ደንግጣ ስትጮህ፣ እኔም ሳቅሁ።

ክፉው ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ ማን ናት አለችኝ። የድሮ ጎረቤታችን ናት፣ አልፎ አልፎ ትደውላለች አልኳት። በገዛ እህቱ የሚያላግጥ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። አልዋሽሽም፣ በአንቺም ትንሽ አፍሬ ነበር። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ፣ እታለም እኔ ነኝ አልኩሽ። አንቺም ቀስ ብለሽ፣ በሉ ደህና ይዋሉ አልሽኝና ዘጋሽው። ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ቀዥቃዣ ስትይኝ ኖረሽ፣ እንደማታውቂው ሰው አንቱ አልሽኝ። ያን ቀን ሌላውን ሁሉ አሳስተሽ ሰምተሽ፣ ያቺን የድሮ ጎረቤታችን ናት ያልኳትን ቃሌን ብቻ አጥርተሽ ሰማሽ።

አክስታችን እንደነገረችኝ ለጆሮሽ እዚህ የያዝኩልሽን የሐኪም ቀጠሮ ትተሽዋል። እዚያ ሄጄ ሰው ፊት ላዋርደው ወይ ብለሻል አሉ። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዋራጁ እኔ ሆኜ ሳለ አንቺ ተሸማቀቅሽ። ዛሬ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ያቺ ሴትዮ እህቴ ናት፣ የደወለችውም እሷው ናት አልኳቸው። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ትኩር ብላ አየችኝና፣ እኛስ ሳናውቅ ነው የሳቅነው፣ አንተስ አለችኝ። ሁሉም ተነስተው ሄዱ። እኔ ይኸው ዱቄቱ መካከል ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ዋሻ ውስጥ እያለን የሚገደለው ሁሉ ዘመድ አልነበረውም፤ ሲወድቅ አልፈነው እንሄዳለን። ሰው ያለበት አገር ላይ ስወጣ ግን የማን እህት፣ የማን እናት እንደሆነች ሳልጠይቅ እንደዚያው ቀጠልኩ። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ ሳቃቸው ጣፍጦኝ ነው። እታለም፣ እባክሽ ነይ። ቀጠሮውን አላስሰረዝኩትም። ከመናኸሪያ እኔው እቀበልሻለሁ፣ በዳቦ ቤቱ በር በኩል ይዤሽ አልፋለሁ፣ ማን ናት ላለኝ ሁሉ ማን እንደሆንሽ እናገራለሁ። አላምንህም ብትዪኝ ግን አልፈርድብሽም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት፣ በኔ ታዝናለች። ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ፣ ትንሿ የወለቀው ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ ትላክልኝ። አክስታችንን እግዜር ይስጥልኝ በያት፣ ባትነግረኝ ኖሮ እስካሁን እስቅ ነበር። ለአንቺ ምን እንደምልክ አላውቅም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ዓመት አኩርፊኝ፣ ሁሉንም እችላለሁ። ብቻ እታለም፣ አንቱ አትበይኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ ጓዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ