ሁለት እጃቸውን አንስተው ባቡር ላስቆሙት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ጆሮዎ ያለ እንከን እንደሚሠራ ሕንፃው በሙሉ ስለሚመሰክር ስለ እሱ አልሰጋሁም። ስለ ጉልበትዎ ግን አጥብቄ የምጠይቀው በዚህ ደብዳቤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንዲወጡልኝና ለአባቴ አንዲት ቃል እንዲናገሩልኝ ስለምለምን ነው። ያቺን ቃል እስኪናገሩ ድረስ አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ አልጋው ላይ አይተኛም።

ደብዳቤውን ደረጃው ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ዝቅ አድርጌ የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም። በርዎን አንኳኩቼ፣ ስልክዎን ደውዬ፣ በሰው ልኬ ስላልሆነልኝ ነው። ለማያውቁን ጎረቤቶች ያህል፣ እኔ ከሰብሳቢው ቤት በላይ የምኖረው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። አባቴ ደግሞ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «ባቡር የሚያስጮኹት አዛውንት» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት ባቡር ነድቶ ጡረታ ወጣ። አሁን እርጅና ትዝታውን ሸርሽሮበት የእናቴን ሞት ረስቷል፤ አንዳንድ ቀን የእኔንም ስም ይረሳል። ፍሬን አያያዝ ግን አልረሳም። ይህን ያየው ኮምፒውተር ጠጋኙ ወንድሜ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ አንድ መንጃ ዘንግና ባቡር የሚነዳበት ጌም አምጥቶ ሳሎናችን ውስጥ ተከለለት። ከዚያ ወዲህ አባታችን ጠዋት ተጣጥቦ «ሥራ» ይገባል፤ ማታ ተራውን ጨርሶ ይተኛል። በቀን ውስጥ በር ከፍቶ መጥፋቱ ቀርቶልን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፣ «በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ባቡር መንዳት ክልክል ነው» ስለሚለው ማስታወቂያዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ አንብቦት «ሐዲዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ብሎ ጠይቆኛል። የእኔ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጣጣ አንድም ስሞታ ሳይቀርብበት፣ የእርስዎ የብረት በር በተዘጋ ቁጥር ግድግዳችን ላይ ያለው መስታወት ሲንቀጠቀጥ ማንም ሳይናገር፣ የአንድ ሽማግሌ የጌም ባቡር ጥሩምባ ብቻ ተለይቶ መታየቱ ለባቡር ያለዎትን ልዩ አክብሮት ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የከለከሉትን ነገር ሳያዩ መከልከልዎ የአስተዳደር ችሎታዎን ስለሚመሰክር አደንቃለሁ። ሆኖም ምን እንደሆነ ቢያውቁት አይጎዳዎትም ብዬ ላስረዳዎት።

አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አፍንጫው ሰፊ የሆነውን፣ ቀለሙ የደበዘዘ አረንጓዴውን የናፍታ ባቡር ነው። እህል የጫኑ ፉርጎዎች ይጎትታል፤ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፤ አባቴም አብሮት ያቃስታል። ከእሱ ቀጥሎ ባለ ሁለት ፉርጎዋን የገጠር ባቡር ይወዳል፤ በየመንደሩ እየቆመች ሰው ስለምታነሣ «እቺ ሰው ታከብራለች» ይላታል። ወንድሜ ደስ ይለዋል ብሎ አዲሱን ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡር ቢከፍትለት «ይሄ ባቡር አይደለም፣ በጎኑ የተኛ ሊፍት ነው» ብሎ ወረደ። መውረድ ማለት ከወንበሩ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት መግባት ነው።

ከቦታዎቹም የሚመርጣቸው አሉ። አንዱ ረጅም ዋሻ ነው፤ ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ አገሩ ሁሉ በረዶ ለብሷል። አባቴ በዕድሜው በረዶ አይቶ ስለማያውቅ በወጣ ቁጥር «ውይ፣ የእነዚህ ሰዎች ጨው ተደፍቶባቸዋል» እያለ ያዝንላቸዋል። ከቦታዎቹ ሌላ ደግሞ በየጣቢያው የምትሳፈር አንዲት ሴት አለች። ጌሙን የሠሩት ሰዎች መልክ አልቆባቸው ነው መሰለኝ አንዲቱን ቀይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት እየደጋገሙ ያቆሟታል። እሱም «ይቺ ሴትዮ ቤት የላትም እንዴ? አሁን አይደል እንዴ ያወረድናት?» ይላል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የመስታወቱን መጥረጊያ ያስነሣና ዝም ብሎ ያያል፤ እኔም ስፌቴን አቁሜ አብሬው አያለሁ። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው እንዴት እንደነበር አሁን ላስታውስ ብል አይመጣልኝም።

በቃለ ጉባኤዎ ላይ «ትርጉም የሌለው የቀለም ጩኸት» ያሉትንም ልፍታልዎት። በባቡር ሰዎች ሥራ ነጂው የሐዲዱን መብራት ቀለም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ረዳቱ ደግሞ አይቶ ያንኑ መመለስ አለበት። ካልተመለሰለት ነጂው ዓይኑን አያምንም። እና አባቴ ከሳሎን «አረንጓዴ!» ሲል እኔ ከስፌት መኪናዬ «አረንጓዴ!» እላለሁ፤ «ቢጫ!» ሲል «ቢጫ!» እላለሁ። ስሜ ሲጠፋበት እንኳ «ረዳት» ብሎ ይጠራኛል። ለአባትና ለልጅ የቀረን ወሬ ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አልቋል። ጩኸት ያሉት እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአካል መጥተው ስለጎበኙን ክብር ተሰምቶናል። ግቡ ሳይባሉ መግባትዎን እንደ ቤተሰብነት ቆጥሬዋለሁ። አባቴ በዚያች ሰዓት አረንጓዴውን ባቡር ይዞ በጉም ውስጥ ወደ ትልቁ ድልድይ እየተቃረበ ነበር፤ እንደ ደንቡም ጥሩምባውን ነፋ። እርስዎም በቀጥታ ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው፣ ሁለት እጅዎን ከራስዎ በላይ አንስተው «ኧረ በሕግ አምላክ! በቃ!» አሉ።

ይህን ሲያደርጉ ምን እንዳደረጉ አላወቁም፤ ስለዚህ በዚህ አልወቅስዎትም። በባቡር ሰዎች ዘንድ በሐዲድ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያነሣ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ ከፊትህ አደጋ አለ፣ ቁም። ነጂው ማነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ለምን ብሎ አይከራከርም። አባቴም ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ያዘ። ባቡሩ ተንቋቁቶ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ፤ ቤቱም ጸጥ አለ። እርስዎ «እንዲህ መግባባት ነው የሚያዋጣው» ብለው፣ ፈገግ ብለው ወጡ። በማግስቱ በተለጠፈው ቃለ ጉባኤ ላይም «ነዋሪው ትእዛዙን ያለ ማንገራገር ተቀብለዋል» የሚል አነበብኩ። እውነት ነው፤ አባቴ ሐኪሙንም፣ እኔንም፣ ወንድሜንም እንደ እርስዎ ታዝዞ አያውቅም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ጸጥታው ነው። ባቡሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደቆመ ነው። አባቴም እጁን ዘንጉ ላይ አድርጎ ጉሙን እያየ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምግቡን እዚያው ይበላል፤ እንቅልፍ ሲጥለው አንገቱን ደፍቶ እዚያው ያንቀላፋል። መታጠቢያ ቤት ደርሶ የሚመለሰው እኔ በእሱ ፈንታ ወንበሩ ላይ ስቀመጥለት ብቻ ነው። አልጋህ ውስጥ ግባ ስንለው «ባቡር አደጋ ላይ ቆሞ ነጂ ይተኛል እንዴ? የማን ልጆች ናችሁ?» ይለናል።

አልሞከራችሁም እንዳይሉኝ፣ ያልሞከርነው የለም። እኔ «አረንጓዴ!» ብዬ ጮህኩለት። «አንቺ ረዳት ነሽ፤ ያስቆመኝ ያ ሰውዬ ነው፣ የሚለቀኝም እሱ ነው» አለኝ። ለካ በእነሱ ደንብ ያስቆመው ሰው ራሱ መጥቶ ካልለቀቀ ባቡር አይነቃነቅም። ወንድሜ የእርስዎን የመሰለ ኮት ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ ቢመጣ ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ የኮምፒውተሩ ልጅ አይደለህ? ሂድ ሥራህን ሥራ» ብሎ አባረረው። ሌላ ባቡር ከሌላ ጣቢያ ብንከፍትለት ዘንጉን አልነካም አለ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አጠፋነው። ያኔ ተነሥቶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ከፊት ምን እንዳለ በእግሩ ሄዶ ሊያይ ወጣ። ደረጃው ላይ ሊወድቅ ሲል ደርሰን ያዝነው፤ መልሰንም ከፈትንለት።

እግሮቹ አብጠዋል። ሐኪሙ መጥቶ በጣቱ ሲጫናቸው የጣቱ ምልክት እዚያው ይቀራል። «መጋደም አለባቸው፤ እንዲህ እንደተቀመጡ ከቆዩ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋ ደም ደግሞ ወደ ሳንባ ከሄደ አደጋ ነው» ብሎናል። የሚያስተኛ መድኃኒትስ ብንለው፣ ለዚህ ዕድሜና ለዚህ ልብ አልደፍርም አለ። እርስዎ አንድ ጊዜ ቢመጡልን እንደሚሻል እሱም ተናግሯል።

አምስተኛ፣ ይህንኑ ልነግርዎ ደጅዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ስለሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። «የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ ለአንዱ ከተፈታ ለሁሉም ይፈታል» አሉኝ። ውሳኔዎን አላፈርስም፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልኝ ብዬ ብለምንዎ «እኔ ለቀልድ ጊዜ የለኝም፤ ጉዳይ ካለሽ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቢ» ብለው የብረት በርዎን ዘጉ። ቤቴ ስደርስ መስታወቱ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስድስተኛ የለኝም። ተናድጄ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ። ንዴቱ መጀመሪያ ሰሞን ነበር፤ አሁን የለም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ግን አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ሞክሬው እንባው አልመጣልኝም። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ እጄ ይሠራል፣ እኔ የለሁበትም። ጎረቤት «አይዞሽ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ። ባቡሩ በቆመ ቤት ውስጥ የምመልሰው ነገር ስለሌለኝ ይሆናል፤ አላውቅም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚመችዎ ሰዓት፣ ያንኑ ኮትዎን ለብሰው ይምጡ። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግተነዋል፤ ባቡሩ ቢሄድም አይሰማም። አረንጓዴውንም በሹክሹክታ እንባባላለን፤ ይህን በጽሑፍ እፈርምልዎታለሁ። ከስክሪኑ አጠገብ ባለፈው በቆሙበት ይቁሙና «መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ» ይበሉት። እሱ ድልድዩን ተሻግሮ የመጨረሻው ጣቢያ ይገባል፤ ባቡሩን ያስረክባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይተኛል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጌሙን ለዘለዓለም ዝጉት ካሉ እንዘጋዋለን፤ ነገር ግን መጀመሪያ ጣቢያ ይግባ።

የሕንፃውን ጸጥታ ከራስዎ ዕረፍት አስበልጠው የሚጠብቁት የተከበሩ ሰብሳቢያችን ሆይ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፤ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፤ አልጋዎ ይመችዎ፤ እግርዎም አይበጥ። ከራስጌዎ በላይ ባለው ወለል ላይ ተቀምጠን ሁልጊዜ እናመሰግንዎታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣
የነጂው ረዳት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከወንድሜ ጋር ሳወራ ስለ እርስዎ ክፉ ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ ሰምቶ ኖሮ ክፉኛ ተቆጣኝ። «ሰውየው ድልድዩ ላይ አንድ ነገር ባያይ ኖሮ ሁለት እጁን ያነሣ ነበር? ስንት ነፍስ አድኖ ይሆናል፤ ሲመጣ አመስግኚልኝ» አለ። ስለዚህ የእሱን ምስጋና ከእኔ ምስጋናዎች ጋር እንዳያደባልቁብኝ፤ የእሱ ከልቡ ነው። አባቴ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያለ ምክንያት ባቡር ያስቆመ ሰው አይቶ አያውቅም። ሲመጡ «እለፍ» ብቻ ይበሉት እንጂ፣ ድልድዩ ላይ ምንም እንዳላዩ እንዳይነግሩብኝ አደራዎን።