ከሀ እስከ መ በአንድ ትንፋሽ

ልጄ ትርንጎ፣

ቡሬ ገበያ ላይ የሚወራው ካለሽበት ደርሶ እንደሆነ እንዳታምኚው። እናትሽ መምህሩን በዱላ አልመታችም። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው፤ እሱንም በጃንጥላዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የቀረው የሰው ጭማሪ ነው።

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ልጅሽ ማስተዋል ስምንት ዓመቷን ይዛለች። ደረቷ እንዳንቺው ነው፤ ጎህ ሲቀድ ያስላታል፣ ሲር ሲር ይላል። ፍኖተ ሰላም ወስጄ አስመረመርኳት፤ አስም ነው አሉኝ። ጠዋትና ማታ የምትስበው መከላከያ፣ ሲያፍናት ደግሞ የምትስበው ሌላ ፓፍ ሰጧት። ነርሷ የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበትና ልጅቱ በአፉ በኩል ቀስ ብላ እንድትተነፍስ አደረገች። እኔም ራሴ ሠርቼ ሳላሳያት አልወጣሁም። ምድጃውን ከቤት አውጥቼ ጓሮ ዳስ ሥር አድርጌዋለሁ። ጎረቤቱ «እሜቴ ከእሳታቸው ተፋቱ» እያለ ይስቃል። ይሳቅ።

ፊደል ሳስቆጥርሽ ትዝ ይልሻል? የኔታ እኛን እንዳስጠኑን፣ ከሀ እስከ መ አራቱን መሥመር በአንድ ትንፋሽ ካልወጣሽው አልለቅሽም ነበር። አንቺ ሐ ላይ ትቆሚያለሽ። እኔ ስንፍና ነው ብዬ ጆሮሽን እቆነጥጣለሁ። የጎድንሽ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ አፍንጫሽ ሲነፋ ፊቴ ነበርሽ። አየሁ እንጂ አላወቅሁም። ሳሉ እንዲተውሽ ብዬ እንጥልሽን ያስቆረጥኩም እኔ ነኝ፤ ሳሉ ግን ከደረትሽ ነበር።

ያንኑ ፊደል አሁን ለሌላ ሥራ አዋልኩት። ማስተዋል ስትስል አስቆጥራታለሁ። መ ከደረሰች ደህና ናት። ሐ ላይ ካቆመች ፓፏን ትስባለች። የሀን መሥመር እንኳ መጨረስ ካቃታት፣ ወይ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ፓፉን እያሳብኩ መኪና አስጠራለሁ። አንቺን «ትንሽ እንያት» ብለን ቆየን፤ መንገድ ላይ አለፍሽ። እሷን አላቆይም።

ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ስታነብ ትንፋሽ አጠራት፤ አቆመች። መምህሩ ትቀልዳለች ብሎ ደጅ አስቆማት፤ ፓፉንና ፕላስቲኩንም መጫወቻ መስሎት መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሮጦ ጠራኝ። ስደርስ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች፣ ቃል አይወጣትም። መምህሩ ሊያስረዳኝ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛውን የመታሁት፤ መሳቢያውን ከፈተ። ፓፉን አንድ በአንድ እያደረግሁ አሳብኳት። መጀመሪያ ሂ ላይ ቆመች፤ ዘበኛውን መኪና እንዲጠራ ላክሁት። ቆይታ ለ ደረሰች። መኪናው ሲመጣ እስከ መ ጨርሳ ነበር።

እየተራገምኩ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እግሬ ቆመ። ያ መምህር ያደረገው እኔ በአንቺ ላይ ያደረግሁትን ነው። እሱንም ያስተማረው የለም።

ነገ ሰኞ ነው። መጀመሪያ ማስተዋል መከላከያዋን ትስባለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች። አብሬያት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ጃንጥላዬን ለዘበኛው ትቼ እገባለሁ። ስለ ጠረጴዛው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፓፉንና ፕላስቲኩን ለመምህሩ አሳየዋለሁ፤ እሱም ሠርቶ እስኪያሳየኝ ከወንበሬ አልነሣም። ከዚያ ማስተዋልን ፊቱ ፊደል አስቆጥራታለሁ። ሐ ላይ ከቆመች አንቺን አስባለሁ፤ እጄም ወደ ጆሮዋ ሳይሆን ወደ ፓፏ ይሄዳል።

እናትሽ