እንዳየችሽ ትጻፍልኝ

መቱ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ጅማ ሆስፒታል ለኅዳር 24 ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። አስታማሚ ይዤ እንድሄድ ታዝዣለሁ።

እንዴት ሰነበትሽልኝ? በደሌ ላይ ዝናቡ አባራ? ጉልበትሽስ? መልስሽን አውቀዋለሁ። እስካሁን ባስጻፍሽው ደብዳቤ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ» ብለሽኛል። እኔም ያንኑ ስጽፍልሽ ከርሜያለሁ።

መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ጥናት መጣና እኔንና አብራኝ የምትሠራውን ጤና ረዳት፣ ዲንቄን፣ አሰማሩን። የታመመ ፍለጋ አይደለም። የታመመም ያልታመመም፣ ማንኛውም ሰው በጤናው በኩል እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ለመለካት ነው። የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ትራመጃለሽ ወይ፣ ራስሽ ታጥበሽ ትለብሻለሽ ወይ፣ የቤት ሥራሽን ትሠሪያለሽ ወይ፣ ያምሻል ወይ፣ ትጨነቂያለሽ ወይ።

ኖፓ ላይ አዴ ዋሪቱ የሚባሉ አሮጊት ግድግዳ ይዘው ተነሥተው ተቀበሉን፣ ግድግዳ ይዘው ተቀመጡ። ይራመዳሉ ወይ ብንላቸው «ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ዋቃ ይመስገን» አሉ። ያምዎታል ወይ ስንል «ምን ጎድሎብኝ» አሉን፤ ይህን ሲሉ እግራቸውን በበቆሎ ቆረቆንዳ እያከኩ ነበር። ዲንቄ በኦሮምኛ ደግማ ብትጠይቃቸው ተቆጡ። ፈጣሪዬን ለመንግሥት ሰው የማማ ባለጌ አስመሰልሽኝ አሏት።

ጎረምሶቹ ሌላ ናቸው። መንግሥት ወረቀት ይዞ «መራመድ ትችላለህ ወይ» ካለ ነገሩ የብሔራዊ ውትድርና ነው ብለው ደምድመዋል። ያዮ ጫካ ውስጥ የቡና ጆንያ በትከሻው የሚያወጣ ልጅ እኛን ሲያይ ያነክሳል። አንዱን ዲንቄ የትኛው እግርህ ነው ብትለው «የተፈለገው» አላት። በዚህ ሥራ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሲደመር የኢሉባቦር አሮጊቶች እንደ ሚዳቋ ይዘላሉ፣ ጎረምሶቹ በሙሉ ሽባ ናቸው። ተቆጣጣሪያችን ጋሼ ገብረ መስቀል አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና ፊታቸውን አሹ። ይህን አዲስ አበባ ብልከው እኔን ነው የሚያሳክሙኝ አሉ። ተመልሳችሁ ጠይቁ ተባልን።

ሁለተኛውን ዙር የዞርነው በጭቃ፣ በእግራችን ነው። ደክሞኝ ነበር፤ የመንገዱ ድካም ነው እል ነበር። ዘዴውን ያመጣችው ዲንቄ ናት። ስለ ራስዎ ይቅርብን፣ ስለ ጎረቤትዎ ይንገሩን ማለት ጀመረች። አዴ ዋሪቱ ስለ ጎረቤታቸው አውርተው አልጠገቡም፤ ጎረቤታቸውም ስለ እሳቸው ያስቀሩት የለም። ለካ በራስ ማማረር ነውር ነው እንጂ ለጎረቤት ማዘን ጽድቅ ነው።

የሚጠየቁት ቤቶች የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ መቱ ስንመለስ ዕጣው እኔ በተከራየሁበት ግቢ ላይ ወደቀ። ጋሼ ገብረ መስቀል ያንቺም ቤት የሕዝብ ቤት ነው አሉ። እኔ ሌላ ቀበሌ ስዞር ዲንቄ ጎረቤቴን እትዬ በየነችን ስለ እኔ ጠየቀቻቸው። «ያቺ ልጅ?» ብለዋታል። «ልብስ ስታሰጣ ቀኝ እጇን ከትከሻዋ በላይ አታነሣም። ቤቷ ውስጥ እንኳ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ ነው የምትውል። ስንጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ እኛም እሰይ እንላታለን።» ዲንቄ በማግስቱ ይህን ነግራኝ ሳትጨርስ «ተነሽ» አለችኝ። ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ደረቴ ላይ ያለውን እብጠት አይቶ ቀዶ ጥገናው እዚህ የሚሠራ አይደለም አለና ወደ ጅማ ጻፈልኝ።

እማዬ፣ አስታማሚ ሲሉኝ መጀመሪያ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣሽው አንቺ ነሽ። የጅማው አውቶቡስ በደሌ ላይ ለምሳ ይቆማል፤ ነጠላሽን አጣፍተሽ ቆመሽ ባገኝሽ ሌላ ነገር አልሻም። ግን ማስታመም ከአልጋ ሥር መተኛት ነው፣ ውኃ መቅዳት ነው፣ ሰው ደግፎ ማንሣት ነው። ትችያለሽ ወይ ብዬ ብጽፍልሽ እችላለሁ ብለሽ ታስጽፊያለሽ። ስለዚህ አንቺን አልጠይቅም።

ደብዳቤሽን የምትጽፍልሽ ጎረቤትሽ እትዬ ተሻለች ይህንንም እያነበበችልሽ ነው። የዛሬውን መልስ እንደነገርሻት ሳይሆን እንዳየችሽ ትጻፍልኝ። ገበያ ስትሄዱ መንገድ ላይ ትቀመጪ እንደሆነ፣ ከመደብ ስትነሺ ማን እንደሚይዝሽ ትንገረኝ። አትከልክያት። የማይሆን ከሆነ ዲንቄ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ትሄዳለች። አንቺ አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት ታዪኛለሽ፤ እሱም ይበቃኛል።

ጽዮን ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ በደጅሽ ሰው አታሳጣሽ። እትዬ ተሻለችን እጅ ነሥቼያለሁ።

ዲንቄ ፈቃድ የምትጠይቀው ኅዳር 14 ነው። እስከዚያ ቀን የእትዬ ተሻለችን ቃል እጠብቃለሁ።

ልጅሽ