ያለ ቦታው የቆመው ድንጋይ

የካቲት 4

ዛሬ ብቻ አሥራ አራት ድንጋይ። ወገቤ ተቆረጠ። መንገዱ ሊሰፋ ነውና በወረዳው ያለ የመታሰቢያ ድንጋይ ሁሉ ይመዝገብ፣ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ ተብሏል። ማን ይሥራው? እኔ። ቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር እግር ያለው ሰው ያለ አይመስልም።

ሾፌራችንን "ደርሰናል" ነው የምንለው። ገና ከግቢ ሳይወጣ "ደርሰናል፣ ደርሰናል" ይላል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያንገላታናል። ዛሬ ጎማ ፈነዳበት። ክሪክ የለውም። "ደርሰን ነበር እኮ!" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የድልድዩ ድንጋይ፣ የአሮጌው ወፍጮ ድንጋይ፣ የመጀመሪያዋ አስተማሪ ቤት የነበረበት… ግማሹን የጠረበው አባዬ ነው። ግርጌያቸውን ሳይ ምልክቱን አገኛለሁ፣ ሦስት አጫጭር ጭረት። ልጅ ሆኜ "ስምህን ለምን አትጽፍበትም?" ስለው "ስሜ ለድንጋዩ ምን ይሠራለታል?" ይለኝ ነበር። ጭረቶቹን ቤት ውስጥ አይቆርጣቸውም። ድንጋዩ ተተክሎ፣ አፈሩ ተጠቅጥቆ፣ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ "አሁን ቦታውን ያዘ" ሲል ነው ተንበርክኮ የሚቆርጣቸው። ቦታውን ካልያዘ አይቆርጥም።

ቤት ስገባ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ነበር። "ስንቱን አየሽልኝ?" አለኝ። ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ሐኪሙ ሳንባውን የጨረሰው የድንጋይ ብናኝ ነው ብሎናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጠረበው ግማሹን ሳይውጠው አልቀረም።

የካቲት 5

ሐሙስ። እማ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። እኔ ቢሮ፣ ወረቀት ለወረቀት።

የካቲት 9

ይሄን ድንጋይ እስከ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የናዳው ድንጋይ፣ መገንጠያው ላይ ያለው። ተራራው ተንዶ አውቶቡሱን ከነሰው የቀበረበት ቀን መታሰቢያ። አሥራ ዘጠኝ ስም አለበት። ሰባቱን አውጥተዋቸዋል፣ አሥራ ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ወንድሜ ከቀሩት ነው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ሌላ መቃብር የለውም።

ስለዚህ እማ በየሐሙሱ ትሄዳለች። ድንጋዩን ታጥበዋለች፣ ታወራዋለች። ስትመለስ "አጥቤው መጣሁ" ነው የምትለው። ድንጋዩን አትልም። እሱን።

እኔ የተወለድኩት በዚያው ቀን ነው። እማን ምጥ ያዛት፣ አክስቴን ጥራ ብለው ከጎረቤት ጋር አውቶቡስ ላይ አሳፈሩት… የእኔ ልደት ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸቴን ነው። ግን ማንን ልወቅስ?

ፎቶ ለማንሳት ግርጌውን ሣር ገለጥኩ። ጭረት የለም። አፈሩን በቁልፌ ጫር ጫር አደረግኩ። የለም። በጀርባውም ዞርኩ።

ደርሰናል "አባትሽ ረስተውት ይሆናላ" አለኝ።

አባዬ? የሰው በር ላይ ያስቀመጣትን ደፍ እንኳን የማይረሳ ሰው፣ የልጁን ድንጋይ ይረሳል?

የካቲት 10

እማ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ የናዳው ድንጋይ ላይ ጭረትህ የለም።"

ትንፋሹ ሲያፏጭ ብቻ ይሰማኛል።

"እናትሽ የት ናት?"

"ገበያ።"

"በሩን ዝጊው።"

ዘጋሁ። "ቦታው አይደለማ" አለኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ናዳው መንገዱን ቆርጦት ነበር። ድንጋዩ የሚመረቅ ዕለት ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። መኪና የሚገባው እስከ መገንጠያው ድረስ ብቻ። የዚያን ጊዜው ሹም "ለጊዜው እዚህ ይቁም፣ መንገዱ ሲጠገን እንወስደዋለን" አለ። አባዬ እምቢ አለ። ተቆጡት። እሺ አለ። ጭረቱን ግን አልቆረጠም። መንገዱም ሳይጠገን ቀረ፣ በሌላ በኩል አዲስ ወጣ። ትክክለኛው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ነው።

"እማስ?"

እማ አራስ ናት። ወተቷ እንዳይደርቅ ብለው ስድስት ሳምንት ደብቀዋታል፣ ልጁ አክስቱ ጋ ቀርቷል እያሉ። ከተነገራት በኋላ፣ እግሯ ሲጸና፣ አባዬ ወደ መገንጠያው ወሰዳት።

"'እዚህ ነው?' አለችኝ። 'አዎ' አልኳት። አንዲት ቃል። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በነጋታው ባልዲ ይዛ ሄዳ አጠበችው። የሚያውቁትም አዝነውላት ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልንገራት?"

ተናደድኩ። ልጮህበት ነበር። ግን እንባው ጆሮው ውስጥ ሲገባ፣ መጥረግ ሲያቅተው አየሁ። አንጀቴን በላው።

"ሳልሞት ቦታው አስገቢልኝ" አለኝ።

የካቲት 11

እማ "ምን ሆነሽ ነው የምትፈዢው?" አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ውሸት በዘር ነው እንዴ?

የካቲት 17

አሮጌውን መንገድ ወጣሁት። መኪና ግማሽ ድረስ ብቻ ገባ። ደርሰናል "ብቻሽን አትሄጂም" ብሎ አብሮኝ በእግሩ መጣ፣ በዚያ ቦርጩ።

አባዬ የነገረኝ ሁሉ አለ። ለሁለት የተሰነጠቀው አለት፣ ከእሱ በስተግራ ሃያ እርምጃ። ቆጠርኩ። ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ወፍ። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። ከእግሬ ሥር ነው ብዬ አሰብኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ደርሰናል ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ዛሬ ብቻ ደርሰናል አላለም።

የካቲት 19

ኃላፊው ሌላ ጣጣ አመጣ። ድንጋዮቹን ሁሉ ነቅለን ቢሮ ግቢ ውስጥ እንደርድራቸው፣ ለጎብኚ ይመቻል አለ። አስቡት፣ የድልድዩ ድንጋይ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን። "ጌታዬ፣ ድንጋዩ እኮ እዚህ ሆነ ለማለት ነው የቆመው። እዚህ ምን ሆነ ሊባል ነው? ስብሰባ?" አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም፣ ግን ለቀቀኝ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ድንጋዩ ነገሩ የሆነበት ቦታ ላይ ከቆመ ከመንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ቦታው ካልሆነና ትክክለኛው ካልታወቀ ግቢ ይገባል። ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሂድ ከተባለ ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንድ የተከለው፣ አንድ ከሟች ቤተሰብ።

"እኔ ቤተሰብ ነኝ።"

"አንቺ መዝጋቢ ነሽ። ራስሽ መዝግበሽ ራስሽ ልትመሰክሪ?"

እውነቱን ነው። ከሌላ ሟች ቤተሰብ ላስፈርም? እና እማ አንድ ሐሙስ ባልዲዋን ተሸክማ ሄዳ የተነቀለ ጉድጓድ ልታገኝ?

የመንገድ ሥራው ማሽን መጋቢት 28 መገንጠያው ይደርሳል።

የካቲት 27

ዛሬ እነግራታለሁ። አልነገርኳትም።

የካቲት 29

ዛሬም።

መጋቢት 2

ፈሪ ነኝ። የለየልኝ ፈሪ።

አፌ እምቢ ሲለኝ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላትና "እማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ የቢሮ ነው" አልኳት። እማ ሳታነብ እንደማትፈርም ልቤ ያውቃል። የመብራት ደረሰኝ እንኳን እስከ ታች ታነባለች። እንድታነብ ፈልጌ ነው። ወረቀቱ ይንገርልኝ ብዬ።

መነጽሯን አደረገች። ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደች። "አሁን የቆመበት፦ መገንጠያው። ትክክለኛ ቦታ፦ በአሮጌው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር…" ጣቷ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና አነበበች። የአባዬን ፊርማ አየችው፣ የሚንቀጠቀጠውን።

መነጽሯን አጠፈች።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለች። "የማንን መሬት ነው ሳጥብ የኖርኩት?"

"እማዬ…"

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"ሦስት ሳምንት።"

ተነስታ ወጣች። አልፈረመችም።

መጋቢት 3

ሐሙስ። ባልዲው ከበሩ ጀርባ ነው። እማ አልሄደችም።

መጋቢት 7

አታናግረውም። መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ እግሩን ታሸዋለች። ቃል ግን የለም። እንደ ድሮዋ ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ! "አንተ ድንጋይ ራስ" ትለው ነበር። እሱም "ድንጋይስ እንጀራሽ ነው" ይላት ነበር።

ዛሬ ስትወጣ ጠብቆ "ድምጿ ናፈቀኝ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ እየዋለች።

ምን አድርጌ ነው የማስታርቃቸው? እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። እሱ በአንዲት ቃል ዋሻት፣ እኔ በወረቀት ነገርኳት። ሁለታችንም ዓይኗን እያየን መናገር አቃተን።

መጋቢት 11

ዛሬ ወንበር ስባ አልጋው ጎን ተቀመጠች። እኔ የመድኃኒት ብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

"የት ነው?" አለችው።

ነገራት። አለቱን፣ ሃያውን እርምጃ። ዝናቡን። ጭቃው ደጋግሞ ይመለስ እንደነበር። ትንፋሹ እየቆመ፣ እያረፈ።

እጁን አነሳች። ጥፍር የሌላቸውን ሁለቱን ጣቶች በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው።

"መዶሻ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"መዶሻ አይደለም።"

"ስንት ቀን ቆፈርክ?"

"ሦስት። መሃል ላይ ሴት ልጅ ተወልዳለች ብለው ጠሩኝ። መጥቼ አቀፍኳት። ተመለስኩ።"

እማ እጁን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ "ክፉ ሰው ነህ" አለችው። "ክፉ! ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን አለቀስከው? እኔ የማን እናት ነኝ?" እየሰደበችው በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ትጠርገዋለች። እሱ ፈገግ አለ። ስድቧን ሰምቶ ፈገግ አለ።

"ብዕር አምጪ" አለችኝ ዞራ ሳታየኝ።

መጋቢት 14

አባዬ አረፈ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። እጁ እጇ ውስጥ ነበር። ድንጋዩ ገና መገንጠያው ላይ ነው።

መጋቢት 22

ቤቱ ጸጥ ይላል። ያ ፉጨት የለም። ሲያስጨንቀኝ የኖረ ድምፅ፣ አሁን ጆሮዬ ይፈልገዋል።

ሁለት ሳምንት ብቻ ቢቆይ ምን ነበረበት? የካቲት 10 የነገረኝን የካቲት 11 ብናገር ደርሶ አያየው ነበር? በቃሬዛም ቢሆን እንወስደው ነበር። እኔ ነኝ ጊዜውን የበላሁት። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ።

መጋቢት 28

ነቀሉት። ማሽኑ እስከ ተሰነጠቀው አለት አይወጣም፣ የመጨረሻውን ዳገት አሥራ ሁለት ሰው በገመድና በግንድ እያንከባለለ አወጣው። ከሟች ቤተሰብ የቀሩ አራት ሽማግሌዎችም መጡ፣ የላክሁላቸው። ደርሰናል ሸሚዙ ተቀደደ። "አባትሽ ቢኖሩ 'ቀስ! ጠርዙን!' እያሉ ያሳብዱን ነበር" አለኝ። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ተተከለ። ቀጥ ብሏል። የአባዬ ልጅ አይደለሁ፣ ዙሪያውን ዞሬ አየሁት። ቦታውን ይዟል። ጭረት የሚቆርጥ ግን የለም።

ሚያዝያ 19

ጠዋት እማ የአባዬን መሮና መዶሻ ባልዲው ውስጥ ከታ፣ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጋ "ነይ ውሰጂኝ" አለችኝ። ደርሰናል እስከሚችለው አደረሰን። ቀሪውን በእግር፣ እጄን ይዛ፣ ሦስቴ እያረፈች።

ቦታው ስንደርስ አላለቀሰችም። አለቱን አየች። ሃያውን እርምጃ ራሷ ቆጠረችው፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ልጅ። እዚያው አቅራቢያ ካለ ምንጭ ውኃ ቀዳሁላት፣ ድንጋዩን አጠበችው። ሰባተኛው ስም፣ የወንድሜ ስም ላይ መዳፏን አሳረፈች። የነገረችውን አልጽፈውም።

ከዚያ ተንበረከከች። አርባ ዓመት የድንጋይ ብናኝ ከቤት ስትጠርግ የኖረች ሴት መሮ ይዛ አታውቅም። የመጀመሪያው ጭረት ጠማማ። ሁለተኛው ላይ መዶሻው ጣቷን መታት። "ይሄ እንኳን እውነት መዶሻ ነው" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብንና ተቃቀፍን። ሦስተኛውን እጄን በእጇ ይዛ አብረን ቆረጥነው።

ልንነሳ ስንል ጉልበቷን እያራገፈች አየችኝ። ረጅም አየችኝ።

"አባትሽ ከዚህ መጥቶ ነው ያቀፈሽ። ጭቃ በጭቃ ነበር። 'ልጄን በጭቃ አታርክስብኝ' ብዬ ጮህኩበት… ዛሬ ነው አይደል?"

"ምኑ እማ?"

"የተወለድሽው።"

አዎ አልኳት።

"እንኳን ተወለድሽልኝ" አለችኝ።

ሐሙስ አልነበረም። ባልዲውን ተቀበልኳትና ቀስ ብለን ወረድን።