በረዶ የመታት ጋርዴኒያ

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

ጋርዴኒያዋ አለቀላት። ከቅዳሴ ስንመለስ በረዶው ግቢውን ሞልቶት ነበር። ቅጠሎቿ ተበሳስተዋል። ዋናው ቅርንጫፍ ተሰብሮ በልጡ ተንጠልጥሏል። ከእንቡጦቿ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። የተተከለችበትን ጣኒካ አቅፌ ቤት አስገባሁና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት።

አማቴ አደይ ምሕረት ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከአበባ የሚደርሳቸው ሽታው ብቻ ነው። ይህችን ደግሞ ጣልያኗ ጎረቤታችን አገሯ ስትገባ የተወችላቸው ናት። ክረምቱን ሙሉ «አበባዋን አሽትቼ ልሙት፤ ከርሞን እንደሁ አላይም» ሲሉ ነው የከረሙት። ምን ብዬ ልንገራቸው? «ትንሽ ተጎድታለች» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ብነሳ አደይ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው በጣታቸው ይዳብሷታል። ቅጠሉን፣ ስብራቱን፣ አፈሩን። ውሸቴ ተያዘ። አልተቆጡኝም።

«በረዶውን የት አደረግሽው ጓለይ፣ ልጄ?» ነው ያሉኝ።

እኔማ እየረገምኩ ጠርጌ ከግድግዳው ጥግ ከምሬዋለሁ። ጥላ ስለሆነ ገና ሟሙቶ አላለቀም።

«በሊ፣ በእንስራ ክተቺው። የጉድጓድ ውሃችን ኖራ ነው፤ ሳሙና እንኳ አረፋ አይሰጥበትም። ለእሷ የሚሆናት የሰማይ ውሃ ነው።»

የመታትን በረዶ መልሰን ልናጠጣት ነው። እየሳቅኩ አፈስኩት። ሟሙቶ ቅዝቃዜው እስኪሰበር አስጠበቁኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ በረዶ በእንስራ ሲከተት ያየሁት እዚህ መቀሌ ነው።

ዓርብ

ዛሬ ምላጭ አስመጡኝ። የተሰበረውን ቆረጡ። ቀጥለው እንቡጡን ፈልገው አገኙት።

እሱን ይተዉት አደይ፣ ሊፈነዳ ነው፣ ብዬ ለመንኳቸው።

«ቁስለኛ ናት። በየት አቅሟ አበባ ታሳድግ?» ብለው ቀጠፉት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ገና ነው፣ ምንም አይሸትም። ክረምቱን ሙሉ የጠበቁትን እንቡጥ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እኔ ብሆን አልቆርጠውም ነበር። እንዲህ ያለ ልብ የለኝም።

ነሐሴ 27፣ ዓርብ

ጾሙ ተፈታ፣ አሸንዳም አለፈ፤ ከእሷ ቅጠል ከመርገፍ በቀር ምንም የለም። በየጠዋቱ እያየኋት ተስፋ ቆርጬ ነበር። አደይ ግን ውሃዋን አላቋረጡም።

ዛሬ ከሰዓት ጠሩኝ። ጣታቸው ከቆረጡት ቦታ ሥር ነው።

«ዐይን አለሽ አይደል? ይህ ምንድን ነው?»

ጎንበስ አልኩ። የስንዴ ቅንጣት የምታክል አረንጓዴ ነገር። በጎኗ ሌላ። ሁለት ዐይን ይዤ አላየኋትም።

«ሁለት ናቸው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ለከርሞ ሁለት አበባ እናሸታለን።»

ለከርሞ አሉ። በጆሮዬ ሰማሁ። ቃላቸውን እንዳያጥፉ ፈርቼ ቶሎ ብዬ ውሃ ልቀዳ ተነሳሁ።