ባሌ ማን እንደነበር ላስረዱኝ ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር ብሬንተን ሃርጌት
የካራሊን ባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ክበብ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ የባለቤቴን ባንዲራ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎን አልፎ አልፎ እንደሚያምዎ ስለማውቅ፣ ይህ ደብዳቤ ተመቻችተው ቁጭ ባሉበት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ባለቤቴን ሌይተን ኮርቤትን ካጣሁ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኔ ከመራቁ በቀር ደህና ነኝ። ለሐዘኔ ስለላኩልኝ አበባ በግል አመስግኜዎታለሁ። የተቀረው ውለታዎ ግን በግል ምስጋና የሚታለፍ ስላልሆነ ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አድርጌአለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ሌይተን በክበቡ ጀልባ ቤት በር ላይ ለዓመታት ሰቅሎት የኖረውን ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ባንዲራ እሱ በሞተ ማግስት አስወርደው፣ ከነእርጥበቱ ተጠቅልሎ በፌስታል እንዲደርሰኝ አድርገዋል። የዚያው ጀልባ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ክረምት አለፈ! ኮሚቴዎ ለካ ሲፈልግ በአንድ ቀን ሥራ ይጨርሳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። አባል ሲሞትብን በሰርፍ ቦርድ፣ በዚያ በሞገድ መንሸራተቻ ጣውላችን፣ ማዕበሉን ተሻግረን፣ ባሕሩ ላይ ክብ ሠርተን፣ አበባ ጥለንና ስሙን ጮኸን ጠርተን እንደምንሸኝ ያውቃሉ። ቅዳሜ ለሌይተን በሚደረገው ሽኝት ባንዲራውን በራሱ ቦርድ ላይ አስሬ ልውጣ ብዬ ብጠይቅ፣ ዋናተኞች የጥበቃ ክልሉን ከሚያሳየው ቀይና ቢጫ ባንዲራ ጋር ሊያምታቱት ስለሚችሉ አይፈቀድም የሚል መልስ ሰጡኝ። ነፍሱን ይማረውና የባሪ ዊትሎክ ሽኝት ላይ የአልጋ አንሶላ የሚያህል የቢራ ፋብሪካ ባንዲራ ይዘን ስንወጣ ግራ የተጋባ አንድም ዋናተኛ አልነበረም። እርስዎም አንዱን ጫፍ ይዘው ነበር።

ሦስተኛው ውለታዎ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ያን መልስ በሰጡኝ ዕለት ሳሎኔ ውስጥ ሻይ እየጠጡ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ትሬሳዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። ሰውዬው ሚስት አግብቷል፤ አንቺን ካገባ በኋላ ያ ነገር አለቀለት አይደል እንዴ? አሁን በሞተ ሰው ላይ ምን ያስወራል? ተይው በሰላም ይረፍ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ ያልገባኝን እርስዎ በክበቡ የእሑድ ቋሊማ ጥብስ ላይ ሶስ ሲያቀብሉት ስለተረዱልኝ እጅ እነሳለሁ። እኔ ሞኟ እስከ ዛሬ የማምነው እሱ ራሱ የነገረኝን ነበር። ገና ስንተዋወቅ፣ «ትሬሳ፣ ኋላ እንዳትቀየሚኝ ከአሁኑ ልንገርሽ። እኔ ፓንሴክሹዋል ነኝ። ሰውን ነው የምወደው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ልቤ እሱን አይጠይቅም» አለኝ። «ታዲያ እኔን በምን መረጥከኝ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺማ ነገረኛ ነሽ፣ ነገረኛ ደስ ይለኛል» ብሎ ሳቀብኝ። ሲያገባኝም ያው ሰው ነበር፣ ሲሞትም ያው። እኔን ማግባቱ ከምንም አላዳነውም፤ መዳን የሚያስፈልገው ሕመም አልነበረበትምና። ይህንን እያወቅሁ ነው ያገባሁት፤ ወድጄም ነው።

ከእኔ በፊት ከዓሣ ጠባሹ ከኮስታስ ጋር በፍቅር በአንድ ቤት ለዓመታት እንደኖረም አገር ያውቃል። የእርስዎን አስተያየት ለኮስታስ ብነግረው፣ «እና እኔ ምን ልባል ነው? ተከራይ? ምን ዓይነት ተከራይ ነው ቤት አከራዩ ቁርስ አልጋው ድረስ የሚያመጣለት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ መጥበሻው አዙሮ አለቀሰ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተናድጄ ሐሳቡ ጠፋብኝ። በአጭሩ ልናገር። ያ ባንዲራ የፓንሴክሹዋሎች ምልክት ነው እንጂ ለጌጥ አልተሰቀለም። እዚህ ከተማ ውስጥ ልባቸው እንደ ሌይተን የሆነ ሰዎች አሉ፤ ባል ወይም ሚስት ስላላቸው ብቻ እንደሌሉ የሚቆጠሩ። ጀልባ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ባንዲራውን ቀና ብለው አይተው፣ ቦርድ ተውሰው ይሄዱ ነበር። ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ የምትቀበለው ማርሊን፣ «እሱን ሳይ ብቻዬን አይደለሁም እል ነበር። አሁን ባዶውን በር አይቼ ዞር አልኩ። ስሜንም ጻፊው፣ መደበቅ ሰልችቶኛል» ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩት።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ባንዲራውን በሌይተን ቦርድ ላይ አስሬ፣ ከጥበቃ ክልልዎ ውጭ፣ በድንጋዮቹ በኩል ወደ ባሕሩ እወጣለሁ። ኮስታስና ማርሊንም አብረውኝ ናቸው። ኮሚቴዎ በሩን እንጂ ባሕሩን ገና ስላልተረከበ ፈቃድ ለመጠየቅ አላስቸግርዎም። ክበቡ በዚያው ሰዓት የራሱን ሽኝት ቢያደርግም ቅር አይለኝም፤ እርስዎ የሚያውቁትን ሌይተን እርስዎ ይሸኙ።

ባሌን ከእኔ አስበልጠው ለማወቅ ላሳዩት ትጋት ጎንበስ ብዬ የማመሰግን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜንና የማይታወክ እንቅልፍን የምመኝ፣

ትሬሳ ኮርቤት
የሌይተን ሚስት

ግልባጭ፦
ለክበቡ የኮሚቴ አባላት በሙሉ
ለኮስታስ ዓሣ ቤት (መስኮቱ ላይ የሚለጠፍ)

ማስታወሻ፦ እንደሚያውቁት ዋና እችላለሁ ማለት ይከብዳል፤ ሌይተን ሊያስተምረኝ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል። ቅዳሜ ጠዋት ጥበቃው የእርስዎ ተራ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የክበብዎ ደንብ ደግሞ ውሃ ያሸነፈውን ሰው፣ ክልል ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ አውጡ ይላል። ስለዚህ እኔን ለማውጣት ክባችን መሀል መድረስዎ አይቀርም። እግረ መንገድዎን የሌይተንን ስም አብረውን ቢጠሩለት አንከፋም።