ስለማይመለሰው የመድኃኒት ፌስታል

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ እርስዎ ደህና ካልሆኑ እኛን ማን ደህና ያደርገናል? እኔ ደህና ነኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ በአጻጻፌ ለሚያገኙት ግድፈት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁትም ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ ቀደም ሲል ለጸሐፊዎ የሰጠኋት ማመልከቻ ከእሷ ጠረጴዛ እስከ እርስዎ ጠረጴዛ ባለው መንገድ ደክሞት እንዳይሆን ሰግቼ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ባለቤቴ በስኳር በሽታ ብዙ ዘመን ታሞ ሲያርፍ ከራስጌው አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ተረፈ። ያንን ከቤቴ ላወጣው ፈለግሁ። ለዚህ ጉዳይ ጤና ጣቢያዎ ላደረገልኝ ትብብር ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አጠገብ ስለለጠፋችሁት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። በሕይወቴ ከላይ እስከ ታች አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። ትርፍ መድኃኒት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል፣ ሰው ወይም እንስሳ ያነሳዋል ይላል። ሽንት ቤት አይጨመር፣ ውሃ ይበክላል ይላል። በቤት አይቃጠል፣ ጭሱ ይጎዳል ይላል። በመጨረሻም በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይመለስ ይላል። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። በማግስቱ ፌስታሌን ይዤ መጣሁ።

ሁለተኛ፤ በመስኮቱ ስለተቀመጠው ባለሙያ ትሕትና አመሰግናለሁ። ፌስታሉን አየት አድርጎ «እማማ፣ መድኃኒት ከዚህ ይወጣል እንጂ አይገባም» አለኝ። ማስታወቂያውን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብለት ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያም «እሱ ከበላይ የመጣ ነው፤ ለጥፉ ተባልን፣ ለጠፍን» ሲል አስረዳኝ። ታዲያ ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቀው «እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ። አንድ የተማረ ሰው እኔ እንደማውቅ ሲነግረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ስለሆነ ክብር ተሰምቶኛል። ከጀርባው ባለው መስኮት፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒታችሁን የምታቃጥሉበት ምድጃ ሲጨስ ይታይ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ አሠራራችሁ ጥብቅነት አመሰግናለሁ። እንደገና ስመጣ ዘበኛችሁ «እማማ፣ ዛሬም ፌስታሉን እያንሸራሸሩት ነው?» ብሎ በፈገግታ አስገባኝ። መስኮቱ ላይ ሌላ ባለሙያ ነበረች። መመለስስ ይቻላል፣ ነገር ግን መድኃኒቱ የወጣው በሌላ ሰው ካርድ ስለሆነ መላሹ ባለካርዱ ራሱ መሆን አለበት አለችኝ። መልእክቱን መቃብሩ ድረስ ሄጄ እንዳላደርስለት ጉልበቴ እምቢ አለኝ። መሞቱን ብነግራት፣ እንግዲያውስ መሞቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይምጣ አለች።

አራተኛ፤ ስለ ፖስታዎቻችሁ። ክኒኑን ከትልቅ ቆርቆሮ እየቆጠራችሁ በትንንሽ የወረቀት ፖስታ ስትሰጡን ስሙን በላዩ ትጽፉበታላችሁ። ማንበብ ሲያቅተኝ ዘግይቼ በመማሬ አሳበብኩ። ለጎልማሶች ትምህርት መምህሬ ባሳየው፣ አዙሮም ዘቅዝቆም አይቶ «ይሄ ፊደል አይደለም፣ ፊርማ ነው» ብሎኛል። ስለዚህ የባለቤቴ የስኳር ክኒንና የእህቴ የራስ ምታት ክኒን ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፖስታ ውስጥ ነበሩ፤ እኔም ይሄ የእሱ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው ብዬ ልለይላት አልቻልኩም።

አምስተኛውን ቁጥር ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። ታናሼ ናት፤ አብረን መኖር የጀመርነው ሁለታችንም ካረጀን በኋላ ነው። ነይ አብረን ፊደል እንቁጠር ስላት «እትዬ፣ አንቺ አንብቢ፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሁለታችንም ካወቅን ማን ለማን ሊነግር ነው?» ትለኝ ነበር። ያንን ማኅተም ያለበት ወረቀት ላመጣ በሄድኩበት ቀን ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ መድኃኒት ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ ስለሚባል። ቤታችን ሕፃን የለም። እህቴ ረጅም ናት። ራሷን ሲያማት የራሷ ክኒን ስላለቀባት እዚያ ፈለገች፤ ቁርስ ሳትቀምስ ሁለት ፍሬ ዋጠች። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ በላብ ተነክራ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ማን ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጎረቤቶች ተሸክመው እናንተ ጋ አደረሷትና ተኛች፤ ሐኪማችሁ ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ብዙ ቆይቷል አሉ። አልተመለሰችም።

ስድስተኛ፤ ከቀብሩ በኋላ በድሮው ማስታወቂያ ቦታ በፕላስቲክ የተለበደ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ላረጀ ዓይን ይመቻል። ወደ ጤና ተቋም ይመለስ የሚለው መስመር ግን የለም። ጽሑፋችሁና ሥራችሁ በዚህ ስለታረቁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከመስኮቱ ሥር ቁልፍ ያለው ሳጥን ይቀመጥ፤ ሰው የተረፈውን ያለ ካርድና ያለ ወረቀት እዚያ ይጨምር፤ እናንተም ምድጃችሁን ስታነዱ አብራችሁ አቃጥሉት።

ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለመስኮትዎ የማይሰበር መስተዋት፣ ለእርስዎም ከእኔ የተሻለ እርጅና እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የባለካርዱ ሚስት፣ የረጅሟ ሴት እህት

ማሳሰቢያ፤ እህቴ ባረፈች ዕለት የተኝቶ ታካሚ ክፍላችሁ ነርስ ልብሷን ስታስረክበኝ፣ ለእሷ ታዝዞ የተረፈውን መድኃኒት ጨምራ ሰጥታኛለች። «የሟች ንብረት ነው እማማ፣ እኛ ጋ ማስቀመጥ አይፈቀድም» አለችኝ። ፈርሜ ተረከብኩ። አሁን ፌስታሎቹ ሁለት ሆነዋል። መልስዎ ቢዘገይም አይጨነቁ፤ እቤት ውስጥ ተሳስቶ የሚውጥ ሰው የለም።